ሚያዝያ ሃያ ሦስት በእትዬ መዲና አቆጣጠር

የእትዬ መዲናን ሞት የሰማሁት ወደ ሶባ በምትሄድ ሀፍላ ውስጥ ነው። ሀፍላ ያልኩት አውቶቡሷን ነው፤ ካርቱም ይህን ያህል ዓመት የኖረ ሰው አውቶቡስ ልበል ቢልም ምላሱ እንቢ ይለዋል። ጓደኛዬ ሀዋ ከኋላዬ ካለው ወንበር ትከሻዬን ነካ አደረገችና «ሩቂያ፣ መዲናችን ሄደችብን። ሐይቅ፣ እህቷ ቤት፣ በእንቅልፏ። ትናንት ደወሉልኝ» አለችኝ። «ኢንና ሊላሂ» ብዬ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ወዲያው ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ሀዋም አልቻለችም። ሁለታችን እያለቀስን ስንስቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሱዳናዊ ሽማግሌ «ላ ሐውለ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ምን ላድርግ? እትዬ መዲናን እያሰበ ፊቱን አጨማዶ መቀመጥ የሚችል ሰው ካለ አላወቃትም ማለት ነው።

ወሬው የደረሰን ሃያ ሦስታችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሃያ ሦስት የምንለው አል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ በራችንን ዘግተን የምንወጣበትን ቀን ነው። ያመጣችልን እሷ ናት። ሀዋ እንባዋን ጠርጋ መጀመሪያ ያነሳችውም ይህንኑ ነው፦ «ዘንድሮስ እንዴት ልንሆን ነው? ሐዘን ላይ ሆነን ምን ብለን እንወጣለን? ይቅር መሰለኝ።» እኔም ይቅር መሰለኝ። ግን ልቤ ፈራ። አንድ ዓመት የተዘለለ ቀን በዓመቱ ማን ያስታውሰዋል? መዳሞቹ እንደሆኑ «ቀናችሁ ደረሰ» ብለው አይቀሰቅሱንም።

እኔ እዚህ የመጣሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማለቂያ ግድም ነው። ገና ልጅ ነበርኩ። የተቀጠርኩት አንድ ዶክተርና ሚስቱ ዘንድ ሲሆን በሩን የማልፈው ቆሻሻ ልጥል ብቻ ነበር። ዓርብ ታርፋላችሁ የሚለን ሰው ነበር፤ ዓርብማ የባለቤቶቹ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ የሚበላበት ቀን ነው፣ ለኛ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። እትዬ መዲና ደግሞ ከኛ ሦስት ቤት አልፎ ሀጃ የሚባሉ ባለጸጋ ባልቴት ቤት ትሠራ ነበር። ሀጃና እሷ ሲጨቃጨቁ ውለው ማታ አንድ ላይ ፉል የሚበሉ ሰዎች ነበሩ።

እትዬ መዲና አጭርና ክብ ነበረች። ድምፅዋ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። አገር ቤት፣ በደርግ ጊዜ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈታይ ነበረች፤ ማሽን ሲጮህ በሚውልበት አዳራሽ ዕድሜዋን ስለፈጀች ቀስ ብሎ መናገር የሚባል ነገር አታውቅም። «ጨው አቀብይኝ» ስትል ጎረቤት ጨው ይዞ ይነሳ ነበር። የትም ቤት ስትገባ መጀመሪያ እጇን ማሽን ላይ ታሳርፋለች፤ ፍሪጅ ይሁን ማራገቢያ፣ ብቻ ታዳምጠዋለች። አንድ ቀን እኛ ቤት መጥታ የልብስ ማጠቢያውን ዳሰስ አደረገችና «ይቺ ቀበቶዋ ላልቷል፣ ሦስት ቀን አትቆይም» አለች። በሁለተኛው ቀን ቆመች። የኔ መዳም «ዓይኗ ነው!» ብላ ማሽኗ ላይ ቁርኣን አስቀራች፤ ቀበቶውን ለማስቀየር ያሰበችው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እንደ ደንቡ አንቱ ብላት ተቆጣች። «ማነው አንቱ? እትዬ ካልሽኝ ይበቃል። ፈትል ክፍል ውስጥ አንቱታ አይሰማም፣ ማሽኑ ይውጠዋል» አለችኝ።

ከፋብሪካ ይዛ የመጣችው ትልቁ ነገር ግን በከንፈር ማውራት ነው። ፈትል ክፍል ውስጥ ጆሮ ስለማይሠራ ሴቶቹ ከማሽን ማዶ ለማዶ ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ በጣት እያገዙ ያወሩ ነበር አሉ። ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ የሰርግ ጥሪውም በከንፈር ነው። ይህን ለኛ አስተማረችን። የአል-ጣኢፍ ቤቶች ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ነው፣ ልብስ የምናሰጣው እዚያ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት አሥራ አንዳችንም በየጣሪያችን ላይ ብቅ እንልና አንሶላ እየዘረጋን በከንፈር እናወራለን። ከታች የሚያየን ሰው ዝም ብለን የምንሠራ ጨዋዎች እንመስለዋለን። ወላሂ፣ እኛ በቀን ውስጥ የምናወራውን ያህል የፓርላማ ሰው አያወራም።

እንግዲህ አንድ የየካቲት ጠዋት ነው። እትዬ መዲና በሀጃ ጣሪያ ላይ ቆማ እጇን አንስታ ሁላችንንም ጸጥ አሰኘችን፤ ያው በከንፈር የሚያወራ ሰው ጸጥ የሚለው እጁን ሲያወርድ ነው። ከዚያ «ዘንድሮ የሠራተኛ ቀን ልናከብር ነው» አለች።

«የማን ሠራተኛ?» አልኳት እኔ።

«የኛ ነዋ!»

«እኛ ደግሞ ምን ሠራተኛ ነን፣ እትዬ? ገረድ ነን እንጂ።»

ልብሱን ጥላው ወረደች። ደቂቃ ሳይሞላ የኛን በር በቡጢ ስትደበድብ ሰማሁ፤ በከንፈር የምትለው አልበቃትም። መዳም ገበያ ወጥታ ነበር፣ አልሃምዱሊላህ። አገጬን ይዛ «ስሚኝ» አለች፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማት። «ገረድ ቀን የላትም። ሲነሷት ትነሳለች፣ ሲያስተኟት ትተኛለች። ሠራተኛ ግን ቀን አላት። እኔ በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነጭ ለብሼ ከሺህ ሰው ጋር ተሰልፌ አልፌአለሁ። ያን ጊዜ ብዙ ነገር በግድ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ ሰልፉም በግድ ነበር። ቀኑ ግን የኔ ነበር። ያን ቃል ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ!» አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ያን ቃል ከዚያ ወዲህ ስለራሴ ብዬው አላውቅም።

ሀዋ፣ ተረት መጥቀስ የምትወደዋ፣ «አዎ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው» ስትላት ደግሞ «ምን ልናደርገው ነው አንበሳ የምናስረው? ማን ሊቀልበው? አንድ ቀን እረፍት ነው የምንፈልገው» አለቻት።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። ከምሳ በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሙቀቱ ሲያንቀላፋ፣ ያመለጠችው እየሾለከች ሀጃ ጓሮ እንሰበሰባለን። እትዬ መዲና የጠረጴዛ ልብስ እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መዳም ትሆናለች፤ እኛ ተራ በተራ ፈቃድ እንጠይቃለን። ሕጓ ብዙ ነው። መዳሞቹ ፉል ሳይበሉ አትጠይቁ፣ የራበው ሰው እሺ አይልም። እጃችሁ እርጥብ ሆኖ አትጠይቁ፣ እርጥብ እጅ ሥራ እንዳላለቀ ይናገራል። አታልቅሱ። ከሁሉም በላይ «ለአላህ ብለሽ» አትበሉ። «ምጽዋት አይደለም የምትጠይቁት!» ትላለች። የምንለው ዓረፍተ ነገር አንድ ነው፦ በአራተኛው ወር በሃያ ሦስተኛው ቀን ዒድ አል-ዑማል፣ የሠራተኞች በዓል ስለሆነ እወጣለሁ፣ ምግቡን ቀድሜ አዘጋጃለሁ። ይህን በዓረብኛ እንደ ፋቲሓ ሸመደድነው። ሀዋ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ «ለአላህ ብለሽ» ትጨምራለች፣ እትዬ መዲናም በጨርቁ ጫፍ ትመታታለች።

የኔ ቀን ሲደርስ መዳም ፉሏን በልታ፣ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች። እጄን ሦስት ጊዜ አደረቅኩ። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አልኩት።

«ዒድ?» አለች መዳም። «የምን ዒድ? እኔ ሳላውቀው?»

የሠራተኛ በዓል መቼ እንደሚውል የሚያስታውስ መዳም የት አለና! አመነችኝም አላመነችኝም ሳትል ስልኩን አንስታ ሀጃ ጋ ደወለች። ሀጃ የሰፈሩ ዳኛ ናቸው። ጆሮዬን አቁሜ ቆምኩ። የሀጃ ድምፅ ከስልኩ እስከኔ ይሰማ ነበር፦ «መዲና እኔ ቤት ስትኖር አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። ነው ካለች ነው። እኔ በስሟ እምላለሁ።» በዚያው ቀን ሀጃ ራሳቸው ለየቤቱ ደወሉ። የሀጃን ጨምሮ ዘጠኝ ቤት እሺ አለ። ሁለቱ እንቢ አሉ፤ ከሁለቱ አንዱ እስከ ዛሬም እንቢ እንዳለ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ዘጠኛችንም ከዋዜማው ጀምሮ ኪስራውን ጋግረን፣ ወጡን ሠርተን፣ በየፍሪጁ ደርድረን ወጣን። አንዲት ሀፍላ ይዘን ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን ሄድን። ጉድ እኮ ነው፤ ሁለት ዓመት ካርቱም ኖሬ ዓባይን ያየሁት ያን ቀን ነው! እትዬ መዲና ከጎኔ ቆማ «ይሄም ከኛው አገር በእግሩ የመጣ ነው። ኢቃማህን አሳይ የሚለው ግን የለም» አለችኝ። መኖሪያ ፈቃድ የሌለን ሁሉ ሳቅን፣ ማለት ሁላችንም።

ውሃው ዳር አሳ የሚጠብሱ ሰዎች ዘንድ ተቀመጥን። ልጅ አይደለንም፣ ገንዘባችንን ይዘናል፣ አዘዝን። አሳው መጣ፣ በላን። ስንጨርስ ሳላስበው ተነስቼ ሳህኖቹን መደራረብ ጀመርኩ። እትዬ መዲና እጄን ቸብ አደረገችኝ። «ቁጭ በይ! ዛሬ የሚያነሳ አለ።» ሰውየው መጥቶ አነሳ። ሌላ ሰው የኔን ሳህን ሲያነሳ ቁጭ ብዬ ማየት! ያን ያህል የሚያስደስት ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው ያየሁት፣ ወላሂ።

ቀጥሎ «ተነሱ፣ ሰልፍ!» አለች። ደነገጥን። እዚህ አገር ሰብሰብ ብሎ መጮህ ወዴት እንደሚያደርስ እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። «ማን ጩኹ አላችሁ? በከንፈር ነው እንጂ» አለች። በአራት በአራት አሰለፈችን፤ ዘጠኛችን በአራት አልካፈል ስንል የተረፈችውን ሀዋን ባንዲራ ያዢ ብላ ነጠላዋን በእንጨት ላይ አሰረችላት። እንዲህ ሆነን በዓባይ ዳር እጃችንን እያነሳን፣ አፋችንን እየከፈትን፣ ድምፅ ሳናወጣ መፈክር አሰማን። እያንዳንዷ የፈለገችውን ትላለች። ሀዋ «ዓርብ ይውደም!» አለች። እኔ «መተኛት እፈልጋለሁ!» አልኩ። እትዬ መዲና ከፊት ሆና ምን እንደምትል ከጀርባዋ አይታይም፤ እጇ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል። አሳ ጠባሾቹ ሥራቸውን ትተው ያዩን ነበር። አንዱ «ሐበሾቹ ዱዓ እያደረጉ ነው» ሲል ሰማሁት። እውነቱን ነው።

ስምንት ቀን አለፈ። በስምንተኛው ቀን ለዶክተሩ ሻይ ላቀርብ ሳሎን ገባሁ። ያን ቀን ሥራ አልሄደም፤ ቴሌቪዥን ከፍቶ ተቀምጧል። በቴሌቪዥኑ ሰዎች ንግግር ያደርጋሉ፣ ይጨበጨባል፣ ዜና አንባቢው ደግሞ አንድ ቃል ይደጋግማል፤ ዒድ አል-ዑማል፣ ዒድ አል-ዑማል። መዳም ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

«ያ ሩቂያ፣ የሠራተኛ ቀን ዛሬ ነው። ያለፈው ሳምንት ምን ነበር?»

ትሪውን አስቀምጬ ወደ ጣሪያው ሮጥኩ። እትዬ መዲና አንሶላ እያሰጣች ነው። «ዛሬ ነው! በቴሌቪዥን! ዛሬ ነው!» አልኳት በከንፈር። አልገባትም። ደገምኩላት። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ቆጠረች፣ ቆጠረችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የኛ ሚያዝያ የሚገባው የነሱ አራተኛ ወር ስምንት ቀን ከሄደ በኋላ ነው። እሷ ሚያዝያን አራተኛ ወር አድርጋ ሃያ ሦስቱን እንዳለ ገልብጣው ነበር። የኛ ሚያዝያ ሃያ ሦስት የዋለው ያን ዕለት ነው፤ እኛ ያከበርነው የሌላ ሰው ሃያ ሦስት ኖሯል።

ጉድ ፈላ! በሁሉም ጣሪያ ላይ አንድ አንድ ልጅ ደንግጣ ብቅ አለች። ስልክ በየቤቱ ይጮሃል። ዘጠኛችንም ውሸታም ተብለን ልንባረር ነው፤ ሀጃም በስሟ ምለዋል። ሀዋ ከማዶ «የአገራችን በዓል ለብቻው ነው እንበል! ማን ያውቅብናል?» አለች። ብልህ ነገር ነበር፣ እኔም ልቀበለው ነበር። እትዬ መዲና ግን ራሷን ነቀነቀች። «ክር ሲበጠስ ወዲያው የቀጠለችው ፈታይ ትድናለች። ደብቃ የጠቀለለችው ግን ጨርቁ ላይ ይወጣባታል» አለችና ወረደች።

ሀጃ ዘንድ ገብታ እንዳለ ነገረቻቸው። ሀጃ ሰምተው ሲጨርሱ «ቶቤን አምጪ» አሉ። በዚያ ቀትር፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ሰዓት፣ ሁለቱ ሴቶች በእግራቸው የሰፈሩን በር አንድ በአንድ አንኳኩ። እኛ ቤት የደረሱት በመጨረሻ ነው። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ ነበር። እትዬ መዲና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ስትናገር ሰማኋት።

«ልጆቹ አልዋሹም። የቆጠርኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ቅጣት ካለ የኔ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ሙሉ ሳህን ያጠብኩት በከንቱ ነው?» አለች መዳም።

እትዬ መዲና እንባዋን ዋጥ አደረገች። «በከንቱስ አይደለም፣ መዳም። ዛሬ እውነተኛው በዓል ነው፤ ሩቂያ ግን ከንጋት ጀምራ እየሠራች ነው። ያን ቀን ያረፈችውን ዛሬ በበዓሏ እየተካችልሽ ነው።»

ዶክተሩ ከሳሎን ሳቁ አመለጠው። «ወላሂ ሐቅ አላት!» ሲል ሰማሁት። መዳም ልትቆጣ ፈለገች፣ አልሆነላትም። «እሺ፣ የሚመጣው ዓመትስ? በየትኛው ነው የምታከብሩት፣ በናንተ ነው በኛ?» አለች።

ከደቂቃ በፊት በሐፍረት ልትሞት የነበረችው እትዬ መዲና ዓይኗን አላርገበገበችም።

«በሁለቱም» አለች፣ በፋብሪካ ድምፅዋ።

ሀጃ በሩን ይዘው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ። ሁለቱንም ሙሉ ማን ይሰጠናል? እውነተኛው በዓል ቀን ጌቶቹ ሁሉ ቤት ስለሚውሉ የሚያበላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ የሠራተኛ በዓል እንዲያርፉበት እኛ መሥራት አለብን። ክርክሩ ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ሀጃ ዳኙ፦ የተሳሳትንበት ሃያ ሦስት ሙሉውን፣ እውነተኛው በዓል ደግሞ ከምሳ በኋላ። በየዓመቱ እንዲሁ ሲሆን ቆየ። መዳሞቹ ቀኑን «የመዲና ቀን» ይሉታል። እሷ ግን ይህን ስትሰማ ትቆጣ ነበር። «የሰው ስም አትስጡት! ሰው ሟች ነው፣ ቀኑን ይዤው ብሄድስ?» ትላለች።

ባለፈው ዓመት ጉልበቷ እንቢ ሲላት አገሯ ገባች። ዘንድሮ ይኸው ሄደች።

የለቅሶውን ቤት የከፈቱት ሀጃ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ዕድሜ ልካችንን ስንወለውላቸው በኖርንባቸው ወንበሮች ላይ እኛን አስቀምጠው፣ ያረጁት ሴትዮ በገዛ እጃቸው ውሃ ያድሉን ነበር። አለቀስን፣ ዱዓ አደረግን፣ አሳውንና ሰልፉን አንስተን ሳቅን፣ እንደገና አለቀስን። ከዚያ ሀዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ የሁላችንንም ቃል ተናገረች። «ሀጃ፣ ተመካክረናል። ዘንድሮ ሐዘን ነውና አንወጣም። ሃያ ሦስቱ ይቅር።»

ሀጃ የውሃውን ማሰሮ አስቀመጡ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ሀዋን፣ ከዚያ ሁሉንም በየተራ አዩ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«መዲና በአንድ ስህተት ቀን ተኩል ወስዳብናለች» አሉ። «እናንተ ደግሞ በለቅሶ ልትመልሱልን ነው?»

ሀዋ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «እንግዲያው ሀፍላዋ በስንት ሰዓት ትምጣ?» አለች።